ከአልጋ የሚታይ ትምህርት ቤት

«ይቅርታ ልጄ፣ ከበድኩብሽ።»

ድምፁ የመጣው ከመጋረጃው ወዲያ ነው። እናትየው ጫማዋን ልታጠልቅ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። መጋረጃው ክፍሉን ለሁለት የከፈለ አሮጌ አንሶላ ነው፤ ከወዲህ እሷና ልጇ ያድራሉ፣ ከወዲያ ደግሞ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ጀምሮ አልጋ የያዙት አማቷ። ጠዋት ጠዋት አሮጊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አንሶላቸውን የምትቀይረው ልጅቷ ናት። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ቀልጣፋ ናት፤ ሥራ እጇ ላይ አይበረክትም። አልጋው ሲጢጥ አለ፣ አሮጊቷ ትንፋሻቸውን ዋጥ አደረጉ፣ ቀጥሎ ያ ቃል መጣ። «ኧረ ምንም አይደል አያቴ» አለች ልጅቷ፣ በደህና ልብ፣ ጥፋት ይቅር እንደሚል ሰው። እናትየውን የጫማዋን ማሰሪያ እንደያዘች አንድ ነገር ከነከናት። ለመሆኑ አሮጊቷ ይቅርታ የጠየቁት በምን ጥፋታቸው ነው? በመታመማቸው? በመክበዳቸው? የሚከብድ ሥጋስ መቼ ቀረላቸው? ደግሞም ነገሩ የዛሬ ብቻ እንዳልሆነ ታወቃት፤ በየማለዳው ሲባል የኖረ ነው፤ ጆሮዋ ለምዶት እንደ መኪና ጥሩምባ ያልፈው ነበር እንጂ። ዛሬ ለምን እንደሰማችው አላወቀችም። ፈጣሪ ጆሮን የሚከፍተው በራሱ ቀን ነው።

ቀኑ የነርስነት ትምህርት ቤቶች ምዝገባ የሚዘጋበት ነበር። ሟቹ ባሏ ትቶት ያለፈው ጥሪት ለአንድ ትምህርት ቤት የሚበቃ እንጂ ለስህተት የሚተርፍ አይደለም፤ ልጅቷ አንድ ጊዜ ትገባለች፣ የገባችበት እሱ ነው። ይህን ሦስቱም ያውቁታል፤ ሦስተኛው የእናትየው ወንድም ነው፣ በሩን ተደግፎ ሻዩን ፉት የሚለው። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ የማያውቀው ነገር ስለሌለ ሰፈሩ «ጠቅላላ ዕውቀት» ይለዋል፤ እሱም ቅር አይለውም። ትምህርት ቤቱን መርጦ ጨርሷል፤ አደባባዩ ላይ ያለው ባለ መስታወቱ ሕንፃ። የልጅቷ ጓደኞችም እዚያው ተመዝግበው መማር ጀምረዋል።

«ነርስ ማለት መርፌ ነው» አለ። «መርፌ ደግሞ የትም መርፌ ነው። ምኑን ነው የምትዞሪው?»

«ሄጄ ልየው ነው ያልኩት። ከሆስፒታሉ ጀርባም አንድ አለ ብለውኛል።»

«የቱ? ያ ፍርስራሹ?»

«እማዬ በናትሽ» አለች ልጅቷ ከመጋረጃው ወጥታ እጇን እየታጠበች። «እዛ የገባ ሰው እያለቀሰ ነው የሚማረው ይባላል። ደግሞ ባለ መስታወቱ ጋ በር ላይ ቆመሽ ስትከራከሪ ጓደኞቼ እንዳያዩሽ።»

ጠቅላላ ዕውቀት ቢያሾፍም እህቱን ባዶ እጇን አልሰደዳትም። ጣቱን እያጠፈ ጥያቄ አስጠናት፤ ፈቃዳቸው ታድሷል ወይ፣ ከሚመረቁት ውስጥ የሙያ ፈቃድ ፈተናውን የሚያልፈው ስንቱ ነው፣ ልምምዱ የት ሆስፒታል ነው፣ አንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ ይይዛል። «እነዚህን ከመለሱልሽ ሌላውን ለእግዜር ተዪለት» አላት። ጥሩ ጥያቄዎች ነበሩ። እሷ ግን ከነዚህ ሌላ አንድ የምትፈልገው ነገር እንዳለ፣ ስሙን ግን እንደማታውቀው ተሰማት። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ «እማማ፣ ሄጄ መጣሁ» አለች። አሮጊቷ ፊታቸው ወደ ግድግዳው ነበር። «በሰላም ግቢ» አሉ ለግድግዳው። የዚያ ቤት ዝምታ ጠብ የለበትም፤ ሁሉም በየፊናው የሚያስታምመው ነገር ያለው ዓይነት ዝምታ ነው።

ባለ መስታወቱ ሕንፃ ውስጥ እናትየው፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ተደነቀች። ዕድሜዋን ሙሉ ላውንደሪ ቤት ካውያ ስትገፋ የኖረች ሴት ናት፤ ንጹሕ ነገር ስታይ ልቧ ይከፈታል። ወለሉ ፊቷን መልሶ ያሳያታል፤ አሳንሰሩ ኮሽታ ሳያሰማ ላይ አደረሳት፤ የእንግዳ መቀበያው ሶፋ ከመሰርጎዱ የተነሳ ስትቀመጥበት ጉልበቷ ከአገጯ ሊገናኝ ምንም አልቀረው። ሻይ ቀረበላት። ምድር ቤት ካፌው በር ላይ የተለጠፈውን ዋጋ አይታ ነበርና በሰፈሯ ቤተሰብ ሙሉ የሚያጠጣ ሻይ መሆኑን አስባ በቀስታ፣ እንደ መድኃኒት፣ ጠጣችው። የምዝገባዋ ልጅ ሽቶዋ ደስ የሚል፣ አንደበቷ የለሰለሰ ወጣት ነበረች። ፈቃዳቸው ግድግዳው ላይ በወርቃማ ፍሬም ተሰቅሏል፤ ታድሷል። እናትየው በልቧ ወንድሟን አመሰገነች።

«ፈተናውን የሚያልፉት ስንቱ ናቸው?»

«በጣም ጥሩ ነው እናቴ።»

«ማለቴ፣ ከአሥር ልጅ ስንቱ ያልፋል?»

«በጣም በጣም ጥሩ ነው። እሱን አያስቡ።»

ስለ ልምምዱ ስትጠይቅ ከትልልቅ ሆስፒታሎች ጋር በመነጋገር ላይ እንደሆኑ ተነገራት። የመለማመጃ ክፍሉን ልየው ስትል ቁልፉ ተፈለገ፤ የያዘው ሰው ለጉዳይ ወጥቷል ተባለ፤ በስልክ ተጠርቶ እየሮጠ መጣ። በሩ ሲከፈት ቀዝቃዛ የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ ተቀበላት። አልጋዎቹ ላይ ሰው የሚያካክሉ አሻንጉሊቶች ተኝተዋል፤ ዓይናቸው ይከደናል፣ ደረታቸው ይተነፍሳል ተባለላቸው፤ ከመጡበት ላስቲክ ግን ገና አልወጡም። «ሁሉም አዲስ ነው» አለች የምዝገባዋ ልጅ በኩራት፣ «ማንም ነክቷቸው አያውቅም።» እናትየው «ሲያምሩ!» አለች፤ ከልቧ ነበር። ሲመለሱ በመስታወት ግድግዳ በኩል አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ አየች። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ስክሪን ላይ ያለውን ይገለብጣል፤ ስክሪኑ ላይ እጅ እንዴት እንደሚታጠብ የሚያሳይ ሥዕል አለ። ከልጇ ጓደኞች አንዷን ለየቻትና እጇን ልታነሳላት ስትል ማስጠንቀቂያው ትዝ ብሏት ተወችው። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አለን፤ ቦታው ግን እያለቀ ነው» አለቻት የምዝገባዋ ልጅ። አመስግና ወጣች። መንገድ ላይ ራሷን ጠየቀች፤ ምን ጎደለው? ምንም የጎደለው ነገር አላየችም። እዚያ ውስጥ የታመመ ሰው ተኝቶ ማሰብ ብቻ አቃታት።

የሆስፒታሉ ዘበኛ ቦርሳዋን ፈትሾ «ለበሽተኛ ጥየቃ ነው?» አላት።

«ለትምህርት ቤቱ ነው።»

«እሱም ታሟል። እግዜር ይማርህ በይልኝ» ብሎ በዱላው ወደ ጓሮ አመለከታት።

ሣሩ ላይ ሳህን በጨርቅ ጠቅልለው የጥየቃ ሰዓት በሚጠብቁ ዘመዶች፣ ግድግዳ ተደግፈው በቆሙ የኦክስጅን ሲሊንደሮችና ገመድ ላይ በሚውለበለቡ አረንጓዴ አንሶላዎች መሐል አልፋ አንድ ረጅም የቆርቆሮ ቤት አገኘች። የግድግዳው ቀለም ተላልጦ፣ ከሥሩ የቀድሞው ቀለም፣ ከእሱም ሥር የቀድሞው ቀድሞ ይታያል። ሽታው የበረኪናና የሳሙና ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ቁልፍ የያዘ ሰው የሚፈለግበት ቤት አይመስልም። የሚያስተምሩት ፀጉራቸው የነጣ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው፤ ተማሪው ሁሉ «ሲስተር» ይላቸዋል። እናትየው የወንድሟን ጥያቄዎች በተርታ አቀረበች። ሲስተር አልተገረሙም፤ እጃቸውን በፎጣ እያደረቁ መለሱላት። ፈቃዱ ታድሷል፣ ያውና ከበሩ ጀርባ፤ እዚያ የሰቀልነው ሌላው ግድግዳ ምስማር ስለማይዝ ነው። ልምምዱ እዚሁ ሆስፒታል፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ። ለአንድ አስተማሪ ስምንት፤ ከዚያ ካለፈ ዓይኔ አይደርስም። ፈተናውንስ? «ከአሥር ሁለት ይወድቁብኛል» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይሰብሩ። «አምና የወደቁት እነዚያ በመስኮቱ በኩል የተቀመጡት ናቸው። እስኪያልፉ ድረስ ተማሪዎቼ ናቸው፤ ያስተማርኳቸው እኔ ነኛ።» እናትየው ወደ መስኮቱ አየች። ሁለት ወጣቶች አንገት ለአንገት ገጥመው ያጠናሉ። በሰው ፊት ስለ ራሱ እንዲህ የሚናገር ትምህርት ቤት አይታ አታውቅም፤ ያፈረችው ግን እሷ ነበረች።

«ጥያቄዎን ጨረሱ?» አሉ ሲስተር። «እንግዲያው ጫማዎን ያውልቁና ይተኙልኝ። እኛን ሊያይ የመጣ ሰው መጀመሪያ ተኝቶ ነው የሚያየን።»

«እኔ? ደህና ነኝ እኮ።»

«ደህና መሆንዎንማ አየሁ። ይተኙ።»

ቆማ በመዋል ያበጠ እግሯን ለሰው አሳይታ አታውቅም። ካልሲዋ ተረከዙ ላይ መሳሳቱ ትዝ አላት። ግን እንቢ ማለትም አቃታትና በጠባቡ አልጋ ላይ ሄዳ እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥ ብላ ተኛች። ያኔ ነው ኮርኒሱን ያየችው። ያ ሁሉ የተላላጠ ግድግዳ ተሸክሞት የቆመው ኮርኒስ ወተት የመሰለ ነጭ ነው፤ ስንጥቅ የለው፣ የውኃ ጠብታ የተወበት ምልክት የለው፤ አምፖሉ እንኳ ዓይን እንዳይወጋ ከለላ ተደርጎለታል። ሲስተር የምታየውን አይተው «ቀለም የበቃን ለአንዱ ነበር» አሉ። «ግድግዳውን የሚያየው ጎብኚ ነው።» ያን ቀን ያየችው መስታወት ሁሉ፣ የሚያበራው ወለል፣ የጠለቀው ሶፋ ባንድ ጊዜ ትዝ አላት፤ ሁሉም ለቆመ ሰው የተሠራ ነበር።

አንድ ቀውላላ ተማሪ ከአልጋው አጠገብ መጥቶ ቁመቱን አጥፎ ከፊቷ ትይዩ ሆነ። «እንደምን ዋሉ? ዛሬ እኔ ነኝ የማገለግልዎት። ምን ብዬ ልጥራዎት?»

«እ... የልጅቷ እናት በለኝ፣ ሁሉም እንደዛ ነው የሚለኝ።»

«እሱ የልጅዎ ነው። የእርስዎን ነው የጠየቅኩት።»

ተማሪዎቹ ፈገግ አሉ። እሷም ስሟን ነገረችው፣ በቀስታ፣ የሰው ዕቃ እንደምትመልስ። ከዚያ በኋላ ቀውላላው አንድም ነገር ስሟን ሳይጠራ አላደረገም። እጁን እርስ በርሱ አሽቶ አሞቀ። አሁን ትከሻዎን ልይዝ ነው አላት፤ ያዘ። አሁን ጉልበትዎን ላጠፍ ነው፣ ይሁን? አላት፤ ይሁን እስክትል ጠበቀ። አንሶላውን ከላይዋ ሲገልጥ የገለጠውን ያህል በሌላ አንሶላ ይሸፍን ነበር፤ ከገላዋ አንዲት ስንዝር ያለ ምክንያት አልታየም። በአጠገቡ ባለው አልጋ ላይ አንዲት ተማሪ ዓይኗ በጨርቅ ታስሮ፣ ጓደኛዋ በማንኪያ ውኃ ታጠጣታለች፤ ውኃው አንገቷ ላይ ፈሰሰና የታሰረችዋ «ኧረ ከማምጣትሽ በፊት ንገሪኝ፤ ዓይን የለኝም እኮ!» ብላ ስትቆጣ ሁለቱም ሳቁ፣ ደግመውም ጀመሩት። እናትየው እነዚህ ልጆች የሌላውን ሰው ሕመም እንደ ልብስ እየለበሱ የሚለኩት መሆኑ ገባትና አንድ ነገር ደረቷ ውስጥ እየሞላ መጣ። በዚህ መሐል ቀውላላው ወደ ጎኗ ሲያዞራት ክርኑ ዳሌዋ ላይ አረፈ። ከንፈሯን ነከሰች።

«እንዴት ነው?» አሉ ሲስተር።

«ደህና ነኝ፤ እግዜር ይስጠው።»

«የእግር ጣትዎ ግን ሌላ ነገር ነው የሚለው። ተጨማደደ።»

«ኧረ ትንሽ ነገር ናት፣ ምንም አትል።»

ሲስተር መነጽራቸውን አደረጉ። የተቆጡት ግን ልጁን አልነበረም። «አሁን ይህን ልጅ ጎዱት» አሏት። «ክርኑን ሰው ዳሌ ላይ እያሳረፈ ዕድሜ ልኩን ይሠራል፤ ሰው ሁሉ እንደ እርስዎ እግዜር ይስጥህ ይለዋል፤ እሱም ጎበዝ የሆነ ይመስለዋል። ደህና ነኝ፣ ምንም አልልም እያለ ቁስሉ አጥንት የነካ ስንት ሰው አንስቻለሁ መሰልዎት። ሰው አላስቸግርም እያለ የሞተም አለ። እኛ ሰዎች ስንታመም እንኳ ይሉኝታችን ጤነኛ ነው። ይህ አልጋ ላይ ግን አይፈቀድም። የደግ ውሸትም ቢሆን አይፈቀድም።»

እናትየው ፊቷ ጋለ። ሁሉም ይጠብቃታል። «ክርንህ... ዳሌዬን ወጋኝ» አለች።

ቀውላላው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አላት፤ ሌሎቹም ዳር ሆነው የሰሙትን ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። ሲደግመው ክርኑን አነሳ፣ መዳፉን ዘረጋ፣ ክብደቷን ከራሷ ወሰደላት፤ እናትየውም ገላዋ ከአልጋው ላይ እንደ ውኃ ወደ ጎን ሲፈስ ተሰማት። አንድም ቦታ አልተጎተተችም። ልጅ ሆና አባቷ እንቅልፍ ሲጥላት ተሸክሞ ሲያስተኛት ብቻ እንዲህ ሆና ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሰው የነካት ለሥራ፣ ለሰላምታ ወይም ለግፊያ ነው። አማርሬ ተመሰገንኩ አለች በልቧ። ምን ዓይነት ቤት ነው ይሄ? ፀሎት ስታደርስ አንዳንዴ የሚመጣባት፣ ብዙ ጊዜ ግን የማይመጣባት ያ ዝም የሚያሰኝ ነገር መጣባት፤ ነጩን ኮርኒስ እያየች፣ ካልሲዋን ረስታ፣ ጠዋት ስሙን ያላወቀችለትን ነገር እንዳገኘችው አወቀች። አሁንም ስሙን አላወቀችውም።

«ልጄን እዚህ ነው» አለች። «እዚህ ነው የማስገባት።»

«አንድ ቦታ ቀርቶኛል» አሉ ሲስተር። «ልጅዎን ግን አላውቃትም። እርስዎ እኛን እንዳዩን እኔም እጇን ልይ። ይደውሉላትና መዝጋቢው ሳይዘጉ ትድረስ። እርስዎ እዚያው ይቆዩልኝ፤ በሽተኛ አጥሮናል።»

ልጅቷ አጎቷ መኪና ላይ ተጭና ስትደርስ ቀኑ ዘንበል ብሏል። ጠቅላላ ዕውቀት ከበሩ አላለፈም፤ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አይቶ «ይሄ ነው እንዴ!» ብሎ ቆመ። ልጅቷ ደህና ጫማዋን አድርጋለች፤ ፊቷ ኩርፊያ ነው። እናቷን አልጋ ላይ ስታይ ግን ኩርፊያው ባንዴ ረገፈ።

«እማዬ! ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆኑም፤ ገላቸውን ለልምምድ አበድረውን ነው» አሉ ሲስተር፣ ተማሪዎቹም ሳቁ። «ነይ ልጄ። እኚህን እናት ወደ ግድግዳው አዙሪልኝ። እንደምታውቂው አድርገሽ።»

ልጅቷ ገና ስትሰማ ቀለል አላት። «እሱንማ በየቀኑ ነው የማደርገው» አለች። እጅጌዋን ሰበሰበች፣ አንድ እጇን በትከሻ፣ አንዱን በዳሌ በኩል ላከች፣ ሳብ አደረገች፤ አለቀ። ሥራ እጇ ላይ አልበረከተም። ጠቅላላ ዕውቀት ከበሩ ላይ «ይኸው! ተወልዳበታለች እኮ!» አለ። እናትየው ፊቷ ከግድግዳው አንድ እጅ ርቀት ላይ ነው። ትከሻዋ ተጠምዝዟል፤ ክንዷ ከሥሯ ተጠልፎ ቀርቷል፤ ትንፋሿ ሳታስበው ተዋጠ። ከሁሉ የባሰው ግን ሕመሙ አልነበረም፤ ዓለም ሁሉ ከኋላዋ ሆኖ እሷ ግድግዳ ብቻ እያየች መቅረቷ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ይህ ነው፤ አጠገቡ እየኖረች አንድም ቀን ያልገባችበት አገር።

«እንዴት ነበር?» አሉ ሲስተር። ለእሷ ነው።

የተላላጠው ግድግዳ ላይ ዓይኗን ተከለች። ያለው ቦታ አንድ ነው። ቀኑ እያለቀ ነው። ወንድሟ በር ላይ ቆሞ ይሰማል፤ የማታውቃቸው ልጆች ዙሪያዋን ከበዋል፤ ልጇ ደግሞ ከኋላዋ ትንፋሿ ይሰማታል፣ ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ትንፋሽ። አንዲት ቃል ናት። ደህና ነኝ ብትል ማንም አያውቅባትም፤ የእግር ጣቶቿንም ዘርግታ ይዛቸዋለች። የትኛዋ እናት ናት በሰው ፊት ልጇን የምታሳጣ? ጌታዬ፣ አንተው ተናገርልኝ አለች በልቧ። እሱ ግን ያን ጊዜ ዝም ያለ መሰላት፤ መናገሩ የእሷ ነበር።

«አመመኝ» አለች ለግድግዳው።

ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ባለበት ቆመ።

«ምን?» አለች ልጅቷ።

«ትከሻዬን አመመኝ። ክንዴ ከሥሬ ተጠለፈ። ደግሞ... ፈራሁ።»

«ኧረ አንቺ ሴትዮ!» አለ ጠቅላላ ዕውቀት። «የገዛ ልጅሽን...»

ሲስተር መዳፋቸውን አነሱ፤ ዝም አለ። ልጅቷን አልመከሯትም፣ አላጽናኗትም፣ እንዲህ አድርጊ ብለው አላሳዩዋትም። ተማሪዎቹም እንደዚያው። እናትየው ከኋላዋ የልጇን ጫማ ኮሽታ ሰማች፤ አንድ እርምጃ፣ ወደ በሩ። በቃ፣ ሄደች አለች። ከጓደኞቿ ጋር ባለ መስታወቱ ቤት ትገባለች፤ ማታም፣ ነገም፣ ከነገ ወዲያም አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው ሳይነጋገሩ ያድራሉ። እንዲህ ያለ ዝምታ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ታውቀዋለች። እጇን ከሥሯ ለማውጣት ሞከረች፤ አልወጣም።

ኮሽታው ግን ወደ በሩ አልቀጠለም፤ የአልጋውን ግርጌ ዞረ። ልጅቷ በአልጋውና በግድግዳው መሐል ባለው ጠባብ ቦታ እንደምንም ሾልካ ገባች፤ የግድግዳው ኖራ ደህና ልብሷን ነጭ አደረገው። በርከክ አለችና ፊቷ ከእናቷ ፊት ትይዩ ሆነ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ ከንፈሯ ግን የቁጣም ይመስላል። ይህን ያህል ተቀራርበው የተያዩት መቼ እንደነበር ሁለቱም አያስታውሱም።

«የቱ ጋ?» አለች።

«እዚህ ጋ። ትከሻዬ ላይ።»

ልጅቷ እጇን ልትልክ ብላ መንገድ ላይ መለሰችው። ሁለቱን መዳፎቿን አገናኝታ አሸቻቸው፤ ወደ አፏ አስጠግታ እፍ አለችባቸው፤ ጉንጯ ላይ አድርጋ ለካቻቸው። እናትየው አየቻት። ቀውላላው ሲያደርገው ልጅቷ አልነበረችም። ማንም አላሳያትም፣ ማንም አልነገራትም፤ ያቺ ችኩል፣ ሥራ የማይበረክትባት እጅ በገዛ ራሷ ቆማ ሙቀቷን ለካች። ከየት መጣ? ሲስተርም ከአልጋው ማዶ ሆነው አዩት፤ መነጽራቸውን አውልቀው በጋውናቸው ጫፍ ይጠርጉት ጀመር፤ ብዙ ጊዜ ጠረጉት። ለእናትየው የወለደቻት ልጅ ገና አሁን የተሰጠቻት መሰላት፣ ከነነፍሷ፣ ትልቅ ሰው ሆና።

«መጀመሪያ ክንድሽን አወጣልሻለሁ» አለች ልጅቷ። «ከዚያ አዞርሻለሁ፣ ቀስ ብዬ። እሺ?»

«እሺ።»

«ካመመሽ ትናገሪያለሽ።»

«እናገራለሁ።»

ጀመረች። አላወቀችበትም፤ ከቀውላላው ጋር አይወዳደርም፤ የትኛው እጇ መቅደም እንዳለበት ግራ እየገባት ሁለት ጊዜ አቋርጣ ተወችው፤ ሁለት ጊዜም ነግራ ጀመረች። ጠቅላላ ዕውቀት በር ላይ ኮፍያውን አወለቀ። በዚህ መሐል አንዲት ተማሪ ከውጭ እየሮጠች ገባች።

«ሲስተር፣ መዝጋቢው ቢሮ ሊዘጉ ነው። የሚመዘገብ ካለ አሁኑኑ ይምጣ፣ አልጠብቅም ይላሉ።»

ሲስተር ወደ ልጅቷ አዩ። ልጅቷ የእናቷን ክንድ በሁለት እጇ እንደያዘች ነበረች፤ ቀና አላለችም።

«ይጠብቁ በያቸው» አለች። «እናቴን ገና አላስተኛኋትም።»